«ሰልባጅ» ስለተባለው የስሪላንካ ባሕር ኃይል፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ የስሪላንካን ባሕር ኃይል «የሰልባጅ ባሕር ኃይል» ይለዋል። ጸሐፊው የአገሮችን ባሕር ኃይል በሚያወዳድር ሰንጠረዥ ይጀምሩና ክሳቸውን ይደረድራሉ። ስሪላንካ ሰርጓጅ መርከብም ዲስትሮየር የሚባለው ትልቅ የጦር መርከብም ሚሳይልም የላትም። የራሷን ጀልባ እንኳ ሠርታ አታውቅም። ትላልቆቹ መርከቦቿ አሜሪካ፣ ሕንድና ቻይና የጣሏቸው ናቸው። የሐምባንቶታን ወደብ ለቻይና ባሕር ኃይል አስረክባለች። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ2009 ካበቃ ወዲህ ደግሞ ባሕር ኃይሉ ሥራ ፈት ሆኗል። በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ይዞሩና፣ ባሕር ኃይሏን እንደገና ስታደራጅ የስሪላንካን መንገድ ትታ ከአዲስ ፍሪጌት (ከዲስትሮየር አነስ ያለ የጦር መርከብ) ትጀምር ብለው ይመክራሉ።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ያመነው። ከተነሡት ነጥቦች ግን አብዛኞቹ ወይ ስህተት ናቸው፣ ወይ ግማሽ እውነት። ተራ በተራ ልሂድባቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሰርጓጅ የለም፣ ዲስትሮየር የለም፣ ሚሳይል የለም»

የሰርጓጁና የዲስትሮየሩ ቆጠራ ትክክል ነው፤ የሉም። ግን ከማን ጋር ሊዋጉባቸው? ስሪላንካ ወደ 65,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋትና ወደ 1,340 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ያላት ደሴት ናት። በዓለም አቀፍ ሕግ የዓሣና የማዕድን መብት ያላት የባሕር ክልል ከየብሷ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ባሕር ኃይሏ በዲሴምበር 1950፣ አገሪቱ ገና ሲሎን ስትባል ተቋቋመ። ከ1983 እስከ 2009 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት የገጠመው ጠላት የሌላ መንግሥት መርከብ አልነበረም። ለታሚሎች የራሳቸውን አገር ለመመሥረት የሚዋጉት አማፂያን፣ የታሚል ነብሮች፣ የባሕር ክንፍ፣ «የባሕር ነብሮች» የሚባሉት ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ምን ይዘው ነበር የሚዋጉት? ከፋይበርግላስ የተሠሩ፣ ከውኃው ብዙም ከፍ የማይሉ፣ ከኋላቸው በርከት ያሉ ትላልቅ ሞተሮች የተደረደሩላቸው ጀልባዎች። አንዳንዶቹ መትረየስ ይጭናሉ። አንዳንዶቹ የሚጭኑት ፈንጂ ብቻ ነው፤ ነጂው አጥፍቶ ጠፊ ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ራዳር ላይ ከማዕበሉ ጋር ትቀላቀላለች። ባሕሩ ትንሽ ከተናወጠ ደግሞ እስክትቀርብ ድረስ አትለይም፤ ከቀረበች በኋላ ጊዜ የለም። በ40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ) የምትከንፍ ጀልባ ሁለት ኪሎ ሜትር ለመጨረስ የሚፈጅባት ከመቶ ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተኳሹ ለይቶ፣ አነጣጥሮ፣ ውኃ ላይ እየዘለለች የምትመጣን ነገር መምታት አለበት። ከሌላ አቅጣጫ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ እየመጡ መሆኑንም አትርሱ።

ለዚህ ሁሉ መልሱ ትልቅ መርከብ ቢሆን ኖሮ ስሪላንካ ቀደም ብላ ባገኘችው። በሴፕቴምበር 1994 ሳጋራዋርደና የተባለችው የቅኝት መርከቧ በሰሜን ምዕራብ፣ በማናር ጠረፍ አጠገብ፣ በአጥፍቶ ጠፊ ጀልባዎች ተመትታ ሰጠመች። 40 ሜትር ገደማ ርዝመት የነበራት፣ ባሕር ኃይሉ በወቅቱ ከነበሩት ትላልቅ የቅኝት መርከቦች አንዷ ነበረች። አዛዧ አጂት ቦያጎዳ ተማርከው ስምንት ዓመት በነብሮቹ እጅ ቆዩ፤ የተለቀቁት በ2002 ነው። ሳጋራዋርደና በጠፋች በሰባተኛው ወር፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1995፣ ጠላቂዎች ትሪንኮማሊ ወደብ ውስጥ ድረስ ዘልቀው ሱራያና ራናሱሩ የተባሉ ሁለት የጦር ጀልባዎችን በቆሙበት አፈነዱ። በጊዜው የነበረው የተኩስ አቁም በዚያው ፈረሰ። ሳጋራዋርደና ሦስት እጥፍ ብትረዝም ምን ይለወጥ ነበር? ለአጥፍቶ ጠፊዋ የሰፋ ዒላማ ከመሆን በቀር ብዙም አይታየኝም።

ሰንጠረዡ የማያሳየው ሌላም ነገር አለ። የዚያ ባሕር ኃይል ትልቁ የዕለት ተዕለት ሥራ ስንቅና ሰው ማመላለስ ነበር። ወደ ጃፍና ልሳነ ምድር የሚወስደው ዋናው መንገድ በነብሮቹ ይዞታ ውስጥ ያልፋል። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር እዚያ የሰፈረው ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር የሚበላውም፣ የሚተኩሰውም፣ ቁስለኛውን የሚያወጣውም በባሕር ነው። ከትሪንኮማሊ ተነሥቶ በምሥራቁ ጠረፍ ወደ ሰሜን፣ ካንኬሳንቱራይ ድረስ። ነብሮቹ ደግሞ መንገዱን አሳምረው ያውቁታል፤ የጉዞው አጋማሽ የነሱን ጠረፍ ተከትሎ ነው።

ሜይ 11 ቀን 2006 የሆነውን ልጥቀስ። ፐርል ክሩዝ 2 የተባለች የመንገደኛ መርከብ 700 ያህል ወታደሮች ጭና ወደ ሰሜን ስትጓዝ የባሕር ነብሮች ጀልባዎች በመንጋ ወጡባት። የያዘችው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። አጃቢዎቿ ፈጣን የጥቃት ጀልባዎች ናቸው፤ በአጥቂዎቹና በመርከቧ መካከል ገቡ። ከአጃቢዎቹ አንዷ ከነባሕረኞቿ ጠፋች። ወታደሮቹን የጫነችው መርከብ አመለጠች። የጸሐፊው ሰንጠረዥ ያችን ጀልባ «ቀላል ጀልባዎች» በሚለው ዓምድ ውስጥ ከመቶ ሌሎች ጋር አንድ ላይ ጠቅልሏታል።

እነዚያ ፈጣን ጀልባዎች ከየት መጡ? ስሪላንካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከእስራኤል ድቮራ የሚባሉትን ገዛች፤ ኋላ ሱፐር ድቮራና ሻልዳግ ተጨመሩ። 45 ኖት አካባቢ፣ ማለትም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። መጀመሪያ ላይ ተኳሹ መትረየሱን በእጁ እየያዘ ነበር የሚተኩሰው፤ በኋላ ጀልባዋ ብትናወጥም ዒላማውን የማይለቅ፣ ከውስጥ ሆነው የሚያዙት ታይፉን የተባለው የእስራኤል መድፍ ተገጠመላቸው። ድቮራ ከነብሮቹ ጀልባ ጋር አንድ ለአንድ ብትገጥም ታሸንፋለች። ነብሮቹ ግን አንድ ለአንድ አይመጡም። ሃያና ሠላሳ ሆነው ይመጡና አንዷን ድቮራ ከጓደኞቿ ነጥለው ይከቧታል፤ ከመካከላቸው አጥፍቶ ጠፊዋ የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም።

መፍትሔው የተገኘው አድሚራል ዋሳንታ ካራናጎዳ ከ2005 ጀምሮ ባዘዙባቸው ዓመታት ነው። በመንጋ የሚመጣን ጠላት በመንጋ መግጠም፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ለዚህ የተመረጠችው ጀልባ አሮው ትባላለች። ሰባት ሜትር ገደማ ርዝመት፣ የፋይበርግላስ አካል፣ ከኋላ ሁለት ሞተር፣ ከፊት አንድ ከባድ መትረየስ፣ ከጎን ቀለል ያሉ መትረየሶች፣ ጥቂት ሰዎች። ጣራ የላትም፣ መኝታ የላትም፣ ምግብ የሚበሰልባት ቦታ የላትም። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ናት ብትባል የሚያምን አይጠፋም። ባሕር ኃይሉ በራሱ መሥሪያ ቦታ፣ ከኮሎምቦ ወጣ ብላ ባለችው ወሊሳራ፣ ከመቶ በላይ ሠራ። ነጂዎቹ የመጡት በ1993 ከተቋቋመው ልዩ የጀልባ ጓድና በአምሳያው ከተደራጁ ፈጣን የጀልባ ክፍሎች ነው። ድቮራዎቹ ከኋላ ሆነው በመድፍ ሲደግፉ አሮዎቹ ተበታትነው ይገባሉ። አሁን ግራ የሚጋባው ነብሩ ሆነ፤ የትኛዋን ያሳድድ? አንዷ ብትመታ የምትጎድለው አንዲት ፋይበርግላስ ጀልባ ናት፣ እርግጥ ከነሰዎቿ። ከ2007 በኋላ የባሕር ነብሮች እንደ ድሮው ባሕሩን ሲቆጣጠሩት አናይም።

ካራናጎዳን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በ2008 እና በ2009 ኮሎምቦ አካባቢ ታፍነው ከጠፉ 11 ሰዎች ጋር በተያያዘ ባሕረኞች ተከሰዋል፤ የአዛዡም ስም በክሱ ተነሥቶ በኋላ መንግሥት ክሱን አቋርጧል። እሳቸው ያስተባብላሉ። አሜሪካ በኤፕሪል 2023 እንዳይገቡ ከልክላቸዋለች፤ ብሪታኒያም በማርች 2025 ማዕቀብ ጥላባቸዋለች። ጸሐፊው ይህን ባሕር ኃይል አጥብቀው መክሰስ ከፈለጉ ከመርከቦቹ ዕድሜ የከበደ ጉዳይ እዚህ ነበረላቸው። አንድ መስመር እንኳ አልጻፉበትም።

ሚሳይሉስ? ይህ ንጹሕ ስህተት ነው። ስሪላንካ በ2000 ናንዲሚትራና ሱራኒማላ የተባሉ ሁለት ሚሳይል ተኳሽ ጀልባዎች ከእስራኤል ወስዳለች፤ ጋብሬል የተባለውን የመርከብ ሚሳይል የሚሸከሙ ነበሩ። ለፋይበርግላስ ጀልባ እንዲህ ያለ ሚሳይል መተኮስ ከንቱ ስለሆነ የጠቀሟት ይበልጡን በመድፋቸውና በፍጥነታቸው ነው።

«የራሷን ጀልባ ሠርታ አታውቅም»

ስለ አሮው ያልኩት ይበቃ ነበር። ግን ኮሎምቦ ዶክያርድ የተባለው የመርከብ መሥሪያም አለ። የሰጠመችው ሳጋራዋርደናም፣ እህቷ ጃያሳጋራም በ1980ዎቹ የተሠሩት እዚያ ነው። የኮሎምቦ ክፍል የሚባሉት ፈጣን የጥቃት ጀልባዎችም የዚያው ናቸው። ጸሐፊው ይህን ከየት እንዳመጡት አልገባኝም።

«የሌሎች ጥራጊ»

አሁን ወደ ሰልባጁ። ትላልቆቹን መርከቦች በስማቸው እንያቸው። ሳዩራ በ2000 ከሕንድ የመጣች የቅኝት መርከብ ናት። ሳሙዱራ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሠርታ ለአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ ስታገለግል ከርማ በ2004 ተሰጠች። ጋጃባሁ እና ቪጃያባሁም እንዲሁ ከአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ ናቸው፤ አንደኛዋ በ2018፣ ሁለተኛዋ በ2021 ተረከቡ። ፓራክራማባሁ በ1990ዎቹ የተሠራች የቻይና ፍሪጌት ስትሆን በ2019 ተሰጠች። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ሁሉም ሌላ ባንዲራ ይዘው የኖሩ ናቸው። ሁለቱ ግን ከዝርዝራቸው ወጥተዋል። ሳዩራላና ሲንዱራላ ስሪላንካ አዝዛ በሕንዱ የጎዋ መርከብ መሥሪያ ያሠራቻቸው አዳዲስ መርከቦች ናቸው፤ በ2017 እና በ2018 ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ዋጋቸው ለአንዷ 66 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ የአንድ ዘመናዊ ፍሪጌት ዋጋ አይሞሉም።

ያገለገሉት መርከቦች ዋጋ ቢስ ናቸው የሚለውን ደግሞ 2007 ላይ ቆመን እንየው። ነብሮቹ መሣሪያ የሚያስገቡት በትላልቅ ጭነት መርከቦች ነበር። መርከቦቹ ወደ ጠረፍ አይጠጉም። ጥልቅ ባሕር ላይ፣ ከማንም አገር ክልል ውጭ ይቆሙና መድፉን፣ ፈንጂውን፣ የጀልባ ሞተሩን በዓሣ አጥማጅ ጀልባ እየከፋፈሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይልካሉ። ተንሳፋፊ መጋዘን የሚሏቸው ለዚህ ነው። እነዚህ ካልተቋረጡ በየብስ ላይ የሚደረገው ጦርነት ማለቂያ አልነበረውም።

ባሕር ኃይሉ ያኔ አንድም ፍሪጌት አልነበረውም። በመጽሐፉ ሕግ ቢሆን ወደ መሀል ውቅያኖስ መሄድ አይችልም ነበር። የሄዱት ሳዩራ፣ ሳሙዱራ እና ሱራኒማላ ናቸው፤ ሦስቱም ጸሐፊው ለቁራሌው ይሸጡ የሚሏቸው ዓይነት። ነዳጅና ውኃ የሚያቀብላቸው መርከብ ስለሌለ አሮጌ የንግድ መርከቦችንና ነዳጅ ጫኞችን ለደጀንነት አሰለፉ። ከአሜሪካና ከሕንድ የመጣ መረጃ የመጋዘኖቹን መገኛ ለማወቅ እንደረዳ በሰፊው ተጽፏል። ከሴፕቴምበር 2006 እስከ ኦክቶበር 2007 ባለው ጊዜ፣ ባሕር ኃይሉ እንደሚለው፣ ስምንት መርከቦች ሰጠሙ። በሴፕቴምበር 2007 በአንድ ዘመቻ ብቻ ሦስት። የመጨረሻዋ የተገኘችው ከደሴቷ ከሺህ የባሕር ማይል በላይ ርቃ፣ ወደ አውስትራሊያዎቹ ኮኮስ ደሴቶች አቅጣጫ ነው። ሳሙዱራ ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ 64 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ ነበረች። ዕድሜዋን የሚያይ ሰው ከወደብ እንዳትወጣ ይፈርድባት ነበር።

ጋጃባሁንም ጸሐፊው «የ50 ዓመት ብረት» ብለዋታል። አዎ፣ በ1968 ሼርማን ተብላ አገልግሎት የጀመረች ናት፤ በ1970 በቬትናም ጠረፍ መሣሪያ የጫነች የጠላት መርከብ አስጥማለች። 115 ሜትር ትረዝማለች። ስትቸኩል በጋዝ ተርባይን፣ ስትቃኝ በዲዝል ትሄዳለች፤ በዲዝሉ ብቻ ከሄደች ነዳጅ ሳትሞላ ከአሥር ሺህ የባሕር ማይል በላይ ትጓዛለች። ሰፊ የባሕር ክልል ላላትና ነዳጅ አቅራቢ መርከብ ለሌላት አገር ከሚሳይል ይልቅ ይህ ይጠቅማል። ፊሊፒንስም፣ ባንግላዴሽም፣ ቬትናምም፣ ናይጄሪያም የዚህችን እህቶች ተቀብለው ተጠቅመውባቸዋል።

የማልክደው ነገር አለ። አሮጌ መርከብ ሲሰጥህ ነፃ ነው፤ ስትይዘው ግን አይደለም። መለዋወጫው ከገበያ ወጥቷል፣ ተርባይኑን የሚያውቅ ባለሙያ እያረጀ ነው፣ የቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ጥገና አያልቅም። በዚያ ላይ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የሕንድና የእስራኤል ዕቃ በአንድ ግምጃ ቤት! የፓራክራማባሁ 100 ሚሊ ሜትር የቻይና መድፍ ጥይት ለሌላዋ አይሆንም፤ የመመሪያው ቋንቋም፣ የመፍቻው ልክም ሌላ ነው። አገሪቱ በ2022 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ለነዳጅ በተሰለፈችበት ዓመት ይህ ሁሉ እንዴት እንደተያዘ መገመት አይከብድም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያተኩሩ ኖሮ ምላሽ ባልጻፍኩ።

ለኢትዮጵያ የሰጡት ምክር ግን የራሳችንን ታሪክ ዘንግቷል። ትልቋና ዋናዋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» ማን ነበረች? አሜሪካ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራቻት፣ የባሕር አውሮፕላኖችን የምትረዳ ኦርካ የተባለች መርከብ ናት፤ በ1962 ለእኛ ተሰጠች። ንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲያከብሩ የምትታየው፣ ዕጩ መኮንኖች የሠለጠኑባት ይህችው ያገለገለች መርከብ ነበረች። ወደ ሠላሳ ዓመት ሠራች። ያጠፋትም እርጅናዋ አልነበረም። በ1991 የምትጠለልበት ወደብ ስታጣ ሠራተኞቿ ይዘዋት ወደ የመን ተሻገሩ፤ በኋላም ለብረቷ ተሸጠች። አዲስ ፍሪጌት ብትሆን ኖሮ ዕጣዋ የተለየ ይሆን ነበር?

«ሐምባንቶታ የቻይና የጦር ሰፈር ነው»

በ2017 ስሪላንካ የሐምባንቶታን ወደብ ለ99 ዓመት፣ በ1.12 ቢሊዮን ዶላር፣ ቻይና መርቻንትስ ለተባለው ኩባንያ አከራይታለች። ይህ የንግድ ኪራይ ነው። የወደቡ ጸጥታ በስሪላንካ ባሕር ኃይል እጅ ነው፤ መንግሥት የደቡብ ዕዙን ጎል ከምትባለው ከተማ ወደዚያ ለማዛወር የወሰነውም በ2018፣ ከኪራዩ በኋላ፣ ሕንድ በሰጋችበት ጊዜ ነው።

ስጋቱ ከሰማይ የወረደ ነው አልልም። በኦገስት 2022 ዩዋን ዋንግ 5 የተባለችው የቻይና የሳተላይትና የሚሳይል መከታተያ መርከብ ሐምባንቶታ ገብታለች፤ ሕንድ ብትቃወምም፣ ስሪላንካ ጉዞው እንዲዘገይ ጠይቃ ቢሆንም። በኋላ ግን መንግሥት ለ2024 በሙሉ የውጭ የምርምር መርከቦች እንዳይገቡ አገደ። የቻይና የጦር ሰፈር በሆነ ወደብ ላይ እንዲህ ዓይነት እገዳ ኮሎምቦ ልታወጣ አትችልም። የጦር ሰፈር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ቻይና በ2017 ጅቡቲ የከፈተችውን ማየት ይበቃል፤ ቅርባችን ነው።

«ከ2009 ወዲህ ሥራ ፈት ነው»

ሰሜኑ ላይ፣ ስሪላንካን ከሕንድ በሚለየው በፓክ ሰርጥ፣ የሕንድ ዓሣ አጥማጆች የባሕሩን ወለል በሚጠርግ መረብ ወደ ስሪላንካ ክልል ይገባሉ። የሚጎዱት በአብዛኛው የጃፍና ታሚል አጥማጆች ናቸው፤ ትናንት ከዚህ ባሕር ኃይል ጋር ደም የተቃቡ ሰዎች ልጆች ዛሬ መረባቸውን እንዲያስከብርላቸው እሱኑ ይጠይቃሉ። በጁን 2024 አንዲት የሕንድ ጀልባ ለመያዝ በተደረገ ሙከራ አንድ ባሕረኛ ሞቷል። ከዚያ ሌላ አደንዛዥ ዕፅ የጫኑ ጀልባዎችን ማደኑ አለ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ፕሬዚዳንት ራኒል ዊክረመሲንገ በሁቲዎች ጥቃት ምክንያት ወደ ቀይ ባሕር መርከብ እንደሚልኩ ሲናገሩ ወጪው በየሁለት ሳምንቱ 250 ሚሊዮን ሩፒ እንደሆነ ተናግረው ነበር፤ ከዕዳ ቀውስ ገና ላላገገመች አገር ትልቅ ገንዘብ ነው። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የምናስገባ እኛ የዚያን ጉዳይ ዋጋ በራሳችን ገበያ አይተነዋል።

ሁለቱን እሳቶች ግን ለብቻቸው ላንሣ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2020 ኒው ዳይመንድ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ 270,000 ቶን ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ከኩዌት ወደ ሕንድ ይዛ ስትጓዝ በምሥራቁ ጠረፍ ሞተር ክፍሏ ፈነዳ። አንድ ፊሊፒናዊ ሞተ። የስሪላንካ ባሕር ኃይል መርከቦች፣ ሳዩራና ሲንዱራላም ጭምር፣ ከሕንድ ጠረፍ ጠባቂ መርከቦች ጋር ለቀናት ታገሉ። እሳቱ ጠፋ፣ ተመልሶ ተነሣ፣ እንደገና ጠፋ። የነዳጅ ጋኖቹ ተረፉ። በሜይ 2021 ግን ኤክስፕረስ ፐርል የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ኮሎምቦ ወደብ ፊት ለፊት ተቀጣጠለች። 1,486 ኮንቴይነር ጭናለች፤ ከነዚህ ውስጥ 25 ቶን ናይትሪክ አሲድ ነበረበት፤ አሲዱ ቀድሞም ያፈስ ነበር። ወደ ጥልቅ ባሕር ልትጎተት ስትል ጁን 2 ቀን ከኋላዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ቅንጣቱ በኔጎምቦ ዳርቻ እንደ በረዶ ተከመረ። ባሕረኞች መከላከያ ልብስ ለብሰው አሸዋውን በአካፋና በወንፊት ሲያጣሩ ሰነበቱ።

የዚህ ባሕር ኃይል ትልቁ የመሣሪያ ጉድለት እዚህ ታየ፤ ጸሐፊው ግን አላዩትም። በሁለቱም ጊዜ ከባዱን የእሳት ማጥፊያና የብክለት መከላከያ ዕቃ የያዙት የሕንድ መርከቦችና የውጭ የነፍስ አድን ድርጅቶች ጎታች መርከቦች ነበሩ። በዓለም ከተጨናነቁት የመርከብ መስመሮች አንዱ በደቡቧ ጫፍ፣ በዶንድራ በኩል ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ደሴት አረፋ የሚረጭ፣ 300,000 ቶን የሚጎትት የራሱ ኃይለኛ ጎታች መርከብ ያስፈልገዋል። መንግሥት በጃንዋሪ 2023 ባወጣው ዕቅድ የምድር ጦሩን በ2030 ወደ 100,000 ሰው እቀንሳለሁ ብሏል። ከዚያ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ፣ እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ግዢ ይህ ነው። ሰርጓጁ ይቆይ።

አንድ ትንሽ እርማት ቀርቷል። ጽሑፉ አናት ላይ ካለው ፎቶ ሥር «ከቻይና የተለገሰችው ፍሪጌት» የሚል መግለጫ አለ። በመርከቧ ጎን የሚነበበው ቁጥር ፒ 626 ነው፤ ጭስ ማውጫዎቿም ጎን ለጎን ሁለት ናቸው። ያቺ ከአሜሪካ የመጣችው ጋጃባሁ ናት። የቻይናዋ ፓራክራማባሁ ቁጥሯ ፒ 625 ነው።